አጭሩ «ሊቭ» እና ረጅሙ «ሊቭ»

በኛ ሆቴል ብዙ ሰው ተቀጥሯል፣ ብዙ ሰውም ወጥቷል። እንግሊዝኛ ባለማወቁ ሳይቀጠር የቀረ አለ፤ በማወቁ አለቃ የሆነ አለ። በስህተት እንግሊዝኛ ተቀጥሮ በትክክለኛ እንግሊዝኛ የተሰናበተ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። እኛ ዋርድያው እንለው ነበር።

እኔ በሆቴሉ ምግብ ቤት ካሸር ነበርኩ። መቀመጫዬ በወጥ ቤቱ በርና በአዳራሹ መካከል ስለሆነ፣ አስተናጋጁ የሚለውንም እንግዳው የሚመልሰውንም እሰማለሁ። ሰው ወሬኛ ናት ይለኛል። ወሬ ፍለጋ ሄጄ አላውቅም፤ ወሬው ነው ራሱ እየመጣ ፊቴ የሚቆመው። እንግሊዝኛዬም ክፉ አይደለም። ይህን የምለው ለመኩራራት ሳይሆን፣ ኋላ ጣልቃ የገባሁበት ነገር ስላለ አስቀድሞ እንዲታወቅልኝ ነው።

ሰውየው እኛ ጋ ከመምጣቱ በፊት የአንድ እንጨት መጋዘን የሌሊት ጠባቂ ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ ካፖርቱን ደርቦ ይወጣል፣ ሲነጋ ተመልሶ ይተኛል። ዕድሜውን የጨረሰው በዚህ ነው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የምትሠራውም እዚያው ቤቷ ውስጥ ነው። እሱ ሲተኛ የስፌት መኪናዋን አታንቀሳቅስም፤ ቁልፍና ዝምዝማት የመሳሰለውን የእጅ ሥራ ታደርስና፣ መኪናዋን የምትነዳው እሱ ነቅቶ ሲወጣ ነው። አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። ይቺ ልጅ ከተወለደች ጀምሮ አብዝታ የሰማችው «ዝም በይ፣ አባትሽ ተኝቷል» የሚለውን ነው። የሌላው ሰው ልጅ አፉን በ«እማዬ» ሲፈታ እሷ በ«ሽሽ» ፈታች እያሉ ጎረቤቶች ይቀልዱባታል። ልጅቷን ያናገረ ሰው ግን ነገሩ ቀልድ ብቻ እንዳልሆነ ይገባዋል። አሁን ትልቅ ሆና እንኳ የምታወራው በሹክሹክታ ነው።

መጋዘኑ አንድ ቀን ተዘጋ። ሆቴሉ ሠራተኛ ይፈልጋል የሚል ሰምቶ ወደ እኛ መጣ። ሠራተኛ የምትቀጥረው ሥራ አስኪያጇ ነበረች፤ ከባሕር ማዶ የመጣች፣ ከአማርኛ «እሺ» እና «ቆይ» የሚሉትን ብቻ የምታውቅ፣ ሁላችንም ማዳም የምንላት ሴት። አስተርጓሚ አትወድም። «እንግዶቼን ስታስተናግዱ አስተርጓሚ ይዛችሁ ልትቆሙ ነው?» ትላለች። እውነቷን ነው።

«ሥራህ ምንድን ነው?» ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀችው።

ዋርድያው በወጣትነቱ የማታ ትምህርት ቤት ገብቶ ትንሽ እንግሊዝኛ ቀምሷል። «ዌት» ማለት መጠበቅ እንደሆነ ያውቃል። «ቲች» ማስተማር ከሆነ አስተማሪው «ቲቸር» ነው። «ድራይቭ» መንዳት ከሆነ ነጂው «ድራይቨር» ነው። እንግዲህ «ዌት» መጠበቅ ከሆነ ጠባቂው ማን ሊባል ነው? ስሌቱ እንከን አይወጣለትም።

«ዌተር» አላት ደረቱን ነፍቶ። «ናይት ዌተር።»

የኛ መጠበቅ ሁለት ጌታ እንደሚያገለግል ማን ይንገረው? አውቶቡስም እንጠብቃለን፣ ንብረትም እንጠብቃለን። እንግሊዝኛው ለአንዱ «ዌት»፣ ለሌላው «ጋርድ» የሚል ለየብቻ ቃል አለው። ይባስ ብሎ «ዌተር» የሚባለው አውቶቡስ ጠባቂውም አይደለም፣ ንብረት ጠባቂውም አይደለም፤ ምግብ አቅራቢው ነው። ማዳም ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ማስተናገድ የለመደ ሰው አገኘሁ ብላ ደስ አላት። የት እንደሠራ ስትጠይቀው «ዉድ ካምፓኒ» አላት፤ የእንጨት ድርጅት ማለቱ ነው። እሷ «ጉድ ካምፓኒ» ብላ ሰማችው። «ጉድ» በነሱ ጥሩ ማለት ነው። እኛ ጉድ የምንለው ሌላ ነገር ነው፤ የሆነውም እሱው ነው።

በማግስቱ ጥቁር ሱሪ፣ ነጭ ሸሚዝና የቢራቢሮ ቅርጽ ያለው ከረባት ሰጡት። የሀብታም ቤት ጠባቂ እንዲህ ነው የሚለብሰው ብሎ አሰበ። ቀጥሎ ትሪ ሰጡት። ትሪ ለጠባቂ ምን እንደሚሠራለት ግራ ገባው፤ ሆኖም አዲስ ሠራተኛ ጥያቄ ካበዛ ሥራውን አያውቅም ይባላልና ዝም አለ። ትሪውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ቆመ። የሚገባውን እንግዳ ሁሉ ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ጠጉሩ ይመረምረዋል። አንድ ወፍራም ሰውዬ እጁን ሊታጠብ ብድግ ሲል መንገዱን ዘግቶ «ዌር ዩ ጎ?» አለው።

የአስተናጋጆቹ አለቃ እየሮጠ መጣ።

«አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም እንዴ? እስር ቤት መሰለህ?»

«ዕቃ ይዞ ቢወጣስ?»

«የምን ዕቃ?»

ዋርድያው የሰውየውን ኪስ በዐይኑ እያመለከተ «ማንኪያ ነዋ» አለ።

አለቃው ያኔውኑ ጎትቶ ባስወጣው ነበር። ግን ማዳም ራሷ የመረጠችው ሰው ስለሆነ፣ ምናልባት የትልልቅ ሆቴሎች ዘዴ ይሆናል ብሎ ፈራ። ከሰዓት በኋላ ግን ነገሩ ለሁላችንም ግልጽ ሆነ። ከማዳም በቀር ማለቴ ነው። ዋርድያውም ገባው። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «እህቴ፣ እኔ እኮ ለጥበቃ ነው የመጣሁት። ሄጄ ልንገራት መሰለኝ» አለኝ።

«ንገራት» አልኩት። ሌላ ምን ልበለው?

ወደ ቢሮዋ ሊወጣ ሲል አለቃው ጠራውና «ፈረቃህ አልቋል፣ ወደ ቤትህ ሂድ» አለው።

«ሌሊቱስ?»

«ሌሊት ማን ይበላል? የአንተ ሥራ የቀን ነው። ሂድ፣ ከቤተሰብህ ጋር እራትህን ብላ።»

አለቃው እንደዋዛ ነው የተናገረው። ዋርድያው ግን ባለበት ደርቆ ቀረ። ከዚያ ደረጃውን ሳይወጣ ልብሱን ቀይሮ ሄደ። ገና ሳይመሽ ቤቱ በር ላይ ሲቆም ሚስቱ ክው አለች።

«ተባረርክ?»

«አልተባረርኩም።»

«አመመህ እንዴ?»

«አላመመኝም። እራት ልበላ ነው የመጣሁት።»

ይህን ኋላ እሷ ናት የነገረችኝ። የመጀመሪያውን ሰሞን እንቅልፍ አልወስድ ብሎት ወንበር ይዞ በሩ ሥር ተቀምጦ ያነጋ ነበር አለችኝ። «የሚሰረቅ ነገር የለንም፣ ና ተኛ» እያለች ቀስ በቀስ አስለመደችው። እሷም አልጋውን ለብቻዋ ይዛው ስለኖረች በክርኗ እየጎሸመችው ትነቃ ነበር። ልጅቷ ደግሞ ከትምህርት ቤት የሰማችውን ሁሉ ለአባቷ ለመንገር እራት እስኪቀርብ አያስችላትም። ከዚያ ወዲያ ሰውየው ከዚህ ዓለም የሚፈልገው ነገር አንድ ሆነ፤ ማታ ማታ ቤቱ ማደር። ለዚህ ሲል አስተናጋጅ መሆን ካለበት አስተናጋጅ ይሆናል። ማዳም ዘንድ ሄዶ «ተሳስቼ ነው» የማለቱ ነገር በዚያው ተረሳ። እኔም አላስታወስኩትም።

ማስታወስ ካልኩ አይቀር፣ በዚህ ቃል የሠራውን ልንገራችሁ። በኛ «አስታውሰኝ» ካልን አለቀ። እንግሊዝኛው ግን ራስህ ስታስታውስ አንድ ቃል፣ ሌላ ሰው ሲያስታውስህ ሌላ ቃል አለው። አንዲት አሮጊት እንግዳ ሻይ አዘዘችው። ብዙ ትእዛዝ ተደራርቦበት ነበርና «ከረሳሁ አስታውሺኝ» ሊላት ፈልጎ «ኢፍ አይ ፎርጌት፣ ሪሜምበር ሚ» አላት። እሷ የሰማችው «እኔ ብረሳ እንኳ አንቺ አትርሺኝ» የሚል ነው። ሴትዮዋ ዐይኗ እንባ አቀረረ፤ እስክትሄድ ድረስ እጁን እየጨበጠች አላስወጣ አላስገባ አለችው። ሻዩን ግን ረሳው።

«ሀንግሪ» እና «አንግሪ»ንም ሲያደበላልቅ ሰነበተ። የራበውን እንግዳ ተቆጥተሃል ወይ ይለዋል፣ የተቆጣውን ርቦሃል ወይ ይለዋል። ይህኛው እንኳ ያን ያህል ጉዳት አላደረሰም፤ የራበው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ተቆጥቷል። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ ማታ ከልጁ እየተማረ፣ ቀን እየተሳሳተ፣ ደህና አስተናጋጅ ወጣው። ዐይኑ ንቁ ነው። ዳቦ ያለቀበትን ሰው፣ ውሃ የፈለገውን ሰው ገና እጁ ሳይነሳ ያየዋል። ማንኪያ የመጠበቁን ነገር ግን እስከ መጨረሻው አልተወም።

የሙከራ ጊዜው እያለቀ መጣ። በሙከራ ላይ ያሉት ሁለት ነበሩ፤ እሱና ሳቂታዋ የምንላት ሴት። ቦታው አንድ ነው። ማዳም ሁለቱንም ወዳቸዋለች፣ ማንን እንደምታስቀር አላወቀችም፤ እናም እያንዳንዳቸውን ለብቻ ጠርታ ፍላጎታቸውን እንደምትጠይቅ ተናገረች። ዋርድያው ያን ማታ ልጁን አስቀምጦ ለመልሱ ተዘጋጀ።

«እዚሁ መኖር እፈልጋለሁ ለማለት ምንድን ነው የሚባለው?» አላት።

«ለሥራ ከሆነ ‹ስቴይ› ይሻላል፣ አባዬ። መቆየት ማለት ነው።»

«መቆየት?» አለ ፊቱ ልውጥ ብሎ። «እቆያለሁ ልበላት? አረፍዳለሁ ማለት አይሆንም እንዴ? የሚቆይ አስተናጋጅ ማን ይፈልጋል? እኔ መኖርን ነው የምፈልገው።»

«መኖርማ ‹ሊቭ› ነው። ግን አጭር ነው፣ ቶሎ በለው። ከጎተትከው ሌላ ቃል ይሆንብሃል።»

«ምን ይሆናል?»

«መሄድ።»

ፊደላችን ሁለቱንም በአንድ ዓይነት «ሊቭ» ነው የሚጽፋቸው፤ ልዩነቱ ያለው በምላስ ላይ ነው። ዋርድያው አልተዋጠለትም። «የሚሄድ ሰው ነው እንጂ ቶሎ ቶሎ የሚለው፣ የሚኖርማ ምን አስቸኮለው?» አለ። ቢሆንም እራቱ እስኪቀርብ አጭሩን ሲደጋግም አመሸ፤ ልጅቷም በመጨረሻ «ጎበዝ» አለችው።

በማግስቱ ወደ ማዳም ቢሮ ገባ። የተባለውን ከሁለቱም አፍ ሰምቼዋለሁ፤ አይለያይም። ማዳም ቦታው አንድ እንደሆነ ካስረዳችው በኋላ «አንተ ምን ትፈልጋለህ?» አለችው።

እንግዲህ ሰው በአማርኛ ሲለምን ቃሉን ይጎትታል። «እባ…ክህ» እንላለን፣ «በጣ…ም» እንላለን። ቁርጥ አድርጎ የሚናገር አዛዥ ነው እንጂ ለማኝ አይደለም። ዋርድያውም ምን ያህል እንደሚፈልገው እንድታውቅለት፣ ያለ የሌለ ልመናውን በዚያች ቃል ላይ ጫነባት።

«አይ ዎንት ቱ ሊ…ቭ ሂር» አላት። አልበቃ ሲለው ደገመው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይረዝማል።

ማዳም ደነገጠች። ከዚህ መሄድ ትፈልጋለህ? እርግጠኛ ነህ? አለችው። እሱ «እርግጠኛ ነህ?» የምትለዋን ብቻ ያዘና «ሹር! ቬሪ ሹር!» አላት። ለምን እንደሆነ ጠየቀችው። ምክንያቱን እንኳ አሳምሮ ያውቀዋል።

«ሆም» አላት። «ዋይፍ። ናይት።»

ማዳም ከሥራው ሚስቱን የመረጠ ሰው አይታ አታውቅ ይሆናል። ከወንበሯ ተነስታ በሁለት እጇ ጨብጣ አመሰገነችው፣ ዕድልህ ይቅና ብላ ሸኘችው። እሱም በሁለት እጁ ጨበጣት።

ደረጃውን እየዘለለ ወርዶ ፊቴ ቆመና «ቀረሁ!» አለኝ። አማርኛችንም ቢሆን ከደሙ ንጹሕ አይደለም። «ቀረሁ» ማለት እዚሁ ሆንኩም ነው፣ ሳይሳካልኝ ቀረሁም ነው። ፊቱን ባላየው ኖሮ አይዞህ እለው ነበር። ፊቱ ግን በርቷል። «እንኳን ደስ ያለህ!» አልኩት። ለሚስቱም እንዲሁ «ቀረሁ» ብሎ ነገራት፤ ተቃቅፈው ተላቀሱ።

ጠዋት ሸሚዙን አስተኩሶ መጣ። አለቃው በር ላይ አገኘውና «ምነው፣ ረስተኸው የሄድከው ዕቃ አለ እንዴ?» አለው። ከበስተኋላው ሳቂታዋ ትሪ ይዛ በሱ ጠረጴዛዎች መካከል ትመላለሳለች።

«የምን ዕቃ? ሥራ ገባሁ እንጂ።»

«መሄድ እፈልጋለሁ ያልከው አንተ አይደለህም? ማዳም ስትነግረን እኮ እንባዋ እየመጣ ነበር።»

የዋርድያው ከንፈር ሁለት ጊዜ ተንቀሳቀሰ። አጭሩንና ረጅሙን እየሞከረ እንደሆነ ከመቀመጫዬ ታየኝ። ደሙ ከፊቱ ላይ ሲሸሽ ሳይ ካዝናዬን ቆልፌ ደረጃውን ወጣሁ።

ለማዳም ሁሉንም ነገርኳት፤ ከ«ዌተር» ጀምሬ እስከ «ሊቭ» ድረስ። መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ፊቷ ቀላ፣ ቀጥሎ በጣም አዘነች። ነገር ግን የሳቂታዋ ውል ተፈርሟል፣ እሷም ከሌላ ቦታ የቀረበላትን ሥራ በዚህ ተማምና መልሳለች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ማዳም ጥቂት አሰበችና ፊቷ ፈካ አለ። የዋናው በር የሌሊት ጠባቂ ጡረታ ሊወጣ ነው። ደመወዙ ከአስተናጋጅ ይበልጣል። ሰውየውስ መጀመሪያ የመጣው ለዚሁ አልነበረም? «ሁሉም ነገር ቦታውን ያዘ ማለት ነው» አለችኝ።

ወርጄ ስነግረው አለቃው ትከሻውን መታ መታ አደረገውና «ዕድለኛ ነህ!» አለው። ወጥ ቤቶቹም እንደዚያው አሉ። ዋርድያው ግን ከረባቱን ፈትቶ በእጁ ያገላብጥ ጀመር።

«እህቴ፣ እባክሽ ቤት ድረስ አብረሽኝ ነይ» አለኝ። «ትናንት ቀረሁ ብያታለሁ። ውሸታም ነው የምትለኝ።»

ሄድኩ። ቤታቸው አንድ ክፍል ነው፤ አልጋው፣ መኪናው፣ በመስኮቱ በኩል የተማሪ ዩኒፎርም የተከመረበት ጠረጴዛ። ልጅቷ ትምህርቷ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ እዚያው ነበረች። እኔ እንደጀመርኩ ገና ሳልጨርስ ልጅቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አባዬ፣ ጎተትከው?»

አባትየው መሬት መሬቱን እያየ «ምን ላድርግ ልጄ» አለ። «አሳጥሬ እንዴት ልለምን?»

ሚስትየው መኪናዋን አቁማ አጭር ረጅም የሚሉት ምን እንደሆነ ልጇን ጠየቀቻት። ልጅቷ በዚያ ቀስታ ድምፅዋ አስረዳቻት፤ አጭሩ መኖር፣ ረጅሙ መሄድ። ቀጥሎ እኔ የበሩን ጥበቃ፣ የደመወዙን ነገር ነገርኳት። ትጮሃለች ብዬ ነበር። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ቀና አለች።

«እንግዲያ ሴትዮዋ አልተሳሳተችም» አለችው። «ይህን ሁሉ ዓመት ሰው ቤትህን ሲጠይቅህ ‹እዚህ ነው የምኖረው› ትላለህ። በየማታው ትተኸው የምትሄደው ግን ይህንኑ ቤት ነው። አንተ አጭሩን ስትል፣ እኔ ረጅሙን ስሰማ ኖርኩ።»

«ደመወዙ ጥሩ ነው እኮ» አለ ቀስ ብሎ።

«አውቃለሁ።»

«ይቺም ልጅ ትምህርት አላት።»

«አውቃለሁ አልኩህ። ሂድ ካልከኝ አልይዝህም፤ ለምጄዋለሁ። ግን ስትሄድ ሄድኩ በለኝ፤ እኖራለሁ አትበለኝ።»

እኔ እንኳ፣ በሰው ነገር ቶሎ ሆዴ የማይባባው ሴትዮ፣ ወዴት እንደምመለከት ጠፋኝ። ዋርድያው ዩኒፎርሞቹን ገፋ አድርጎ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ወደ እኔ ዞረ።

«ማዳምን፣ ማታ ቤቴ ነው የማድረው፣ በያት» አለኝ።

ያ ውሳኔ በርካሽ አልወጣለትም። ክረምቱን በሙሉ ሥራ አላገኘም፤ ቤት ኪራይ ተጠራቅሞ አከራዩ በር ማንኳኳት አበዛ። ኋላ ሚስቱ የምትሰፋውን ልብስ መተኮስ ጀመረ፤ እስካሁንም የሚሠራው እሱን ነው። የሚስቱ ተቀጣሪ ሆነ እያሉ የሚያሾፉበት አሉ። የበሩን ጥበቃ ሌላ ሰው ይዞት ደህና ኑሮ መሥርቶበታል፤ ያንንም ያውቃል።

ያን ዕለት እንደተመለስኩ ማዳም ደረጃው ሥር ስትጠብቀኝ አገኘኋት። ሰውየው የበሩን ሥራ እንደማይፈልግ ነገርኳት። ምን ሊሆን ነው ታዲያ? አለችኝ።

«ሂ ኢዝ ሊቪንግ?»

ከፊቷ ረጅሙን እንደጠየቀችኝ ተረዳሁ። አዎ ልላት አልኩ፤ ከሆቴሉ መሄዱ እውነት ነው። አይደለም ልላትም አልኩ፤ የማይሄድ ሰው ነዋ ትቼ የመጣሁት። የምኮራበት እንግሊዝኛዬ ሁሉ አንድ በአንድ ከዳኝ። በመጨረሻ «ቤቱ ሊያድር ነው» አልኳት በአማርኛ።

«እሺ» አለችኝ፤ ምንም እንዳልገባት ያስታውቃል። ማደር በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ስፈልግ ኖሬ እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።